እሁድ ፍሪጁን ማን ያየዋል?

ልጆች፣ እንደምን ከረማችሁ። ሰሞኑን አንድ የዘመድ ልጅ፣ ወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ከተቀጠረ ገና ስምንት ወሩ ነው፣ «ጋሼ፣ 37 ዓመት እንዴት ቻሉት?» አለኝ። «ሕዝብ ማገልገል ስለምወድ» ልለው አልኩና አፌ ላይ ቀረ። ውሸት አይደለም። ግን ከሌሊቱ 11 ሰዓት ከአልጋ አያስነሣም።

«ሕዝብ» ትልቅ ቃል ነው፣ መልክ የለውም። እኔን ታስነሣኝ የነበረችው ጤና ጣቢያው በር ላይ ቆማ የምትጠብቀኝ ነርስ ናት። ከቀረሁ የክትባት ሣጥኑን ብቻዋን ተሸክማ ሁለት ሰዓት ተኩል በእግሯ ልትሄድ ነው። በማግስቱ ቡና ላይ በየት ዓይኔ አያታለሁ?

ይህ ነገር ጎንደር ላይ ቀደም ብሎ የገባቸው ሰዎች ነበሩ። የጤና ኮሌጁ እንደ ፈረንጆቹ በ1954 ሲከፈት፣ ጤና መኮንኑ፣ የኅብረተሰብ ነርሷና ሳኒታሪያኑ (የውሃና የሽንት ቤት ንጽሕና ባለሙያው) አንድ ላይ ሠልጥነው አንድ ጤና ጣቢያ እንዲገቡ ነው የታሰበው። እኔም እዚያው በሳኒታሪያንነት ስማር፣ ከክፍል ትምህርቱ ይልቅ የጠቀመኝ መስክ ወጥተን አንድ ቤት ውስጥ ሽሮ እየሠራን የከረምንበት ጊዜ ነው። ነርሶቹ «የሽንት ቤት ሊቅ» እያሉ ይስቁብኝ ነበር። ምንጭ ስናጎለብት አብረውኝ ድንጋይ ተሸክመው፣ ከዚያ በኋላ ከዚያ መንደር የሚመጣው የተቅማጥ በሽተኛ ሲቀንስባቸው ሣቁም ቀነሰ። እኔም አንዲት ነርስ ሌሊት ወላድ ስታዋልድ መብራት ያዥ ሆኜ ካደርኩ ወዲህ፣ ጠዋት አርፍዳ ብትገባ ትንፍሽ ብዬ አላውቅም።

በ1978 ዓ.ም የተመደብኩበት ጤና ጣቢያ መብራት አልነበረውም። የክትባቱ ፍሪጅ የሚሠራው በላምባ ነው። አዎ፣ በእሳት የሚቀዘቅዝ ፍሪጅ፣ ለእናንተ ተረት ነው። ክሩ በደንብ ካልተከረከመ ነበልባሉ ቢጫ ይሆንና ጥላሸት ያበዛል፣ ፍሪጁም ማቀዝቀዙን ይተዋል። ሰማያዊ ሆኖ መንደድ አለበት። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ነው የሚፈለገው። የፖሊዮውን ክትባት ሙቀት ያበላሸዋል፣ የቲታነሱ ደግሞ በረዶ ከሠራ አለቀለት። ስለዚህ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ጠዋትና ማታ፣ ቴርሞሜትሩ ይታይና በሩ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ይሞላል። ቅዳሜም፣ እሁድም፣ ፋሲካም። እሁድ ማን ይምጣ?

ዘበኛችን ናቸው የደረሱልን። መሠረተ ትምህርት ላይ ፊደል ለይተዋል፣ ቁጥር ግን ያስቸግራቸው ነበር። ነርሷ ቴርሞሜትሩ ላይ ሁለት ቀይ መስመር አሰመረችላቸውና «ከዚህ ካለፈ ወይ ከዚያ ከወረደ ጥሩን» አለቻቸው። አንድ ሌሊት በ8 ሰዓት በሬን ደበደቡ። «ኧረ ተነሥ፣ ክትባታችን ሊያልቅልን ነው!»

«ክትባታችን» ነው ያሉት። እኒህ ሰው አበል አያገኙም፣ ሥልጠና የሚባል ተጠርተው አያውቁም። ግን ቡና ሲፈላ ከኛ ጋር ነው የሚቀመጡት፣ ስብሰባ ላይም ወንበር አላቸው፣ ልጃቸው ሲታመም ደግሞ ሁላችንም እቤታቸው ነን።

በኋላ ይህንኑ በትእዛዝ ሊያመጡት ሞከሩ። አንድ ለአምስት የሚባለው፣ ሠራተኛው በትንሽ በትንሽ ቡድን የተደራጀበት ዘመን፣ ምናልባት ልጆች ነበራችሁ። ቃለ ጉባኤ በየሳምንቱ ይጻፋል፣ ብዙ ጊዜ ሳይሰበሰቡ። እኔም ጽፌያለሁ፣ ምን ልዋሽ። መሥሪያ ቤት ውስጥ ሰውን የሚለያየው የሐሳብ ልዩነት እንዳይመስላችሁ፤ አበል ነው። መስክ ሁሌ አንድ ሰው ሲወጣ፣ ሥልጠና ሁሌ ለአለቃ ወዳጅ ሲደርስ፣ ያኔ ሁሉም በየፊናው ይሆናል። አስተባባሪ ከሆናችሁ የመስኩን ተራ ግድግዳ ላይ ለጥፉት፣ ግማሹ ሐሜት ይቀራል። (ደግሞ «እኛ እኮ ቤተሰብ ነን» የሚል አለቃ ተጠንቀቁ፤ ቤተሰብነቱ ትዝ የሚለው የትርፍ ሰዓት ክፍያ ስትጠይቁ ነው።)

አሁን ወደሚያሳፍረኝ ልግባ። አንድ የክትባት ባልደረባ ነበረን፣ ከሁሉም የምቀርበው እሱን ነው። ክረምት ላይ ከወንዝ ማዶ ባለው ገበሬ ማኅበር ልጆች ከተብኩበት ያለውን መመዝገቢያ አቀረበልኝ። ወረቀቱ ንጹሕ ነው። ክረምት ወንዝ ተሻግሮ የመጣ ወረቀት ደግሞ ንጹሕ አይሆንም፣ ጭቃ አለበት፣ ጥጉ ይርሳል። ገብቶኛል። ሚስቱ አራስ ናት፣ ጓደኛዬ ነው፣ የኛ ሰው ነው ብዬ ፈረምኩ። እንደዚያ ቀን ታማኝ ጓደኛ የሆንኩ መስሎ ተሰምቶኝ አያውቅም።

በበጋው ኩፍኝ ገባ። ከዚያው ገበሬ ማኅበር። በወረቀታችን መሠረት ሁሉም ልጆች ተከትበዋል። ሁለት ሕፃናት ሞቱ።

ነርሷ መዝገቡን አገላብጣ ወረቀቱን አገኘችው። ቡናው ቀርቦ ሳለ ረከቦቱ ጎን አስቀመጠችው። አልጮኸችም። ለሁሉም ቀዳች፣ ለሁለታችን ግን አልቀዳችም። ዘበኛችን አንዴ እኔን አንዴ እሱን አዩ፣ ፊደል ለይተዋል ብያችሁ የለ፣ ፊርማዬንም ያውቁታል። ጋቢያቸውን አጣፍተው ወጡ።

እውነቱን ራሳችን ለአውራጃው ጻፍን፣ ሁለታችንም ከደመወዛችን ተቀጣን። ቅጣቱ ቀላል ነበር። በማግስቱ ገና ሳይነጋ ሦስታችን ወደ ማዶ ተነሣን። ሣጥኑን እሱ ያዘ። ዳገቱ ላይ ላግዘው እጄን ብዘረጋ አልሰጠኝም። ነርሷ ከፊት ከፊት ትሄዳለች፣ ዞር ብላም አላየችን። መንደሩ ስንደርስ እናቶቹ ዛፉ ሥር ተቀምጠው ነበር፣ እሷ መርፌ ማዘጋጀት ስትጀምር እሱ ሣጥኑን አውርዶ መጀመሪያ ወደ ሁለቱ ቤቶች ሄደ። እኔም ተከተልኩት።