ከወር አበባ በፊት የሚመጣው ብስጭት

ጥያቄ፦ ባለቤቴ የወር አበባዋ ሊመጣ አንድ ሳምንት ሲቀረው በትንሽ ነገር ትቆጣለች፣ ታለቅሳለች፤ ደሙ ሲጀምር ግን ወደ ቀድሞ ጠባይዋ ትመለሳለች። ጥፋቱ የእኔ ይሆን?

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ በእነዚያ ቀናት ኢስትሮጅንና ፕሮጄስትሮን የተባሉት ሆርሞኖች ከፍ ብለው ስለሚወርዱ፣ አንጎላቸው በዚህ ለውጥ ይበልጥ የሚነካ ሴቶች ብስጭት፣ ድካምና የጡት ሕመም ያይልባቸዋል። ስለዚህ ጥፋተኛ መፈለጉ አያዋጣም፤ ሆኖም «ያ ጊዜሽ ደርሶ ነው» ማለት፣ ብዙ ባሎች የሚሳሳቱትም እዚህ ላይ ነው፣ እውነተኛ ቅሬታዋን ማጣጣል ይሆናል። ምልክቶቹን ቢያንስ ለ2 ተከታታይ ዑደቶች በየቀኑ ብትመዘግብ፣ ከባድ ውይይቶችንም ደሙ ከጀመረ በኋላ ላሉት ቀናት ብታቆዩ ይረዳል። ሥራዋን የሚያስተጓጉል ከሆነ ሐኪም ታማክር፤ በዑደቱ ሁለተኛ አጋማሽ ብቻ ሊወሰዱ የሚችሉ መድኃኒቶችም አሉ። ራሷን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣባት ግን ወደ ሐኪም ለመሄድ አንድ ቀንም አትቆዩ።