ጠመንጃ የሌለበት የወታደር መታሰቢያ

ጥያቄ፦ ሰላም መምህር። ጅማ፣ ሄርማታ አካባቢ በርና መስኮት የምበይድ ወጣት ነኝ። የሰፈራችን የቀድሞ ወታደሮች ለተሰዉ ጓዶቻቸው የብረት መታሰቢያ ሥራልን ብለውኛል። ጠመንጃ ያነሣ ወታደር አስቤ ነበር። እህቴ ግን በስልኳ አንድ የአሜሪካ ሥራ አሳየችኝ፤ አራት ቀይ የፍሎረሰንት መብራት፣ በቃ። ለተገደሉ ሰዎች መታሰቢያ ነው ይላል። እውነት ይሄ መታሰቢያ ይሆናል?

መልስ፦ ይሆናል ወንድሜ። አሜሪካዊው አርቲስት ዳን ፍላቪን እ.ኤ.አ. በ1966፣ በቬትናም ጦርነት ጊዜ፣ በደፈጣ ለተገደሉ ብሎ የሠራው ነው። እሱ ራሱ በአሜሪካ አየር ኃይል ኮሪያ ውስጥ አገልግሏል። መብራቶቹ ከሱቅ የሚገዙ ተራ መብራቶች ናቸው። የተሰቀሉት ክፍሉ ጥግ ላይ ነው፤ አንዱ ግን ቀጥ ብሎ ወደ ተመልካቹ ይወጣል።

አዲስ አበባ፣ ጥቁር አንበሳ ፊት ለፊት ያለውን የትግላችን ሐውልት አስበው። አንገትህን ቀና አድርገህ ቀዩን ኮከብ ታያለህ፤ ኃይሉ የሐውልቱ ነው። በፍላቪን ሥራ ግን አፈሙዝ የሚመስለው መብራት የተነጣጠረው አንተ ላይ ነው። ቀዩ ብርሃን እጅህ ላይ ያርፋል። ደፈጣ የገባው ሰው የቆመበት ቦታ ላይ ያቆምሃል። የጀግና ምስል ይህን ማድረግ አይችልም ብዬ አምናለሁ።

የብረት ሰው ስለሆንክ ስለ ሌላው አሜሪካዊ አርቲስት ስለ ዶናልድ ጃድም ልንገርህ። ቴክሳስ፣ ማርፋ ውስጥ በቀድሞ የጦር ካምፕ ሁለት የመድፍ መጋዘኖች ነበሩ። እሱ እ.ኤ.አ. ከ1982 እስከ 1986 ድረስ 100 የአሉሚኒየም ሣጥኖች አስገባባቸው። የውጭ ልካቸው አንድ ነው፣ ውስጣቸው ግን ይለያያል። ሣጥኖቹን ያሠራው በፋብሪካ ባለሙያዎች ነው። አሰላለፋቸው የወታደር ሰልፍ ያስታውሳል፤ አዛዥ ግን የለም።

ላንተ ሥራ የሚቀርበው ማያ ሊን የነደፈችው የቬትናም ጦርነት መታሰቢያ ነው፤ ዋሽንግተን፣ እ.ኤ.አ. 1982። መሬት ውስጥ ዝቅ ያለ የጥቁር ግራናይት ግድግዳ፣ ከ58,000 በላይ የተሰዉና የጠፉ አሜሪካውያን ስም። ማዕረግ አልተጻፈም፤ ቅደም ተከተሉ በወደቁበት ቀን ነው። ብዙዎች ተቆጡ፤ እ.ኤ.አ. በ1984 የሦስት ወታደሮች ሐውልት አጠገቡ ተጨመረ። ሰው እጁን ዘርግቶ የልጁን ስም የሚዳስሰው ግን ግድግዳው ላይ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ከቤተሰቦቻቸው ስም ሰብስብ። «ኮሎኔሉ ይቅደም» የሚል ከመጣ እሺ አትበል። ፊደሉን ወፍራም ላሜራ ላይ ቆርጠህ አውጣ፣ እናቶች እጃቸው በሚደርስበት ከፍታ። የ«መ» እና የ«ወ» ክበቦች እንዳይወድቁ ማያያዣ ተውላቸው። የጅማ ዝናብ ደግሞ አይምርም፤ አንቲረስቱን ደግመህ ቀባ፣ ከሥሩም ውኃ የሚወርድበት ክፍተት ተው።