ስለ ዞን ኤክስፓንደር ጠይቁኝ፦ ሬዚስተሩ ግን ሴንሰሩ ጋ ይግባ

ዛሬ ስለ አላርም ዞን ኤክስፓንደር የምትጠይቁትን እመልሳለሁ። ዞን ማለት ፓኔሉ (የአላርሙ ዋና ሰሌዳ) ለብቻው የሚከታተለው የሴንሰር መስመር ነው፤ ኤክስፓንደር ደግሞ ዞን የሚጨምር ሞጁል ነው። የማወራው ስለ ዲኤስሲ ፓወርሲሪስ ፒሲ1864 ፓኔልና ስለ ፒሲ5108 ኤክስፓንደሩ ነው። ሌላ ፓኔል የምትሠሩ ቁጥሮቹን ከራሳችሁ ማኑዋል ውሰዱ። አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል፦ ሽቦ ከመንካታችሁ በፊት መብራቱንም ባትሪውንም ንቀሉ። ሁለቱንም።

ከአያት፦ ጋሼ ሰላም ነዎት? ፓኔሉ 8 ዞን ነው ያለው፣ ሕንፃው ግን 20 ይፈልጋል። ኤክስፓንደሩ በስንት ሽቦ ነው የሚገናኘው?

መልስ፦ በአራት። ቀይ ከቀይ፣ ጥቁር ከጥቁር፣ ቢጫ ከቢጫ፣ አረንጓዴ ከአረንጓዴ። ቀይና ጥቁሩ ኃይል ይሰጣሉ፣ በቢጫና በአረንጓዴው ፓኔሉና ሞጁሉ ይነጋገራሉ። አንዱ ኤክስፓንደር 8 ዞን ስለሚጨምር ለአንተ ሁለት ያስፈልጋል። ከፓኔሉ እስከ አንድ ሞጁል ያለው መስመር ከ305 ሜትር አይለፍ፣ ሁሉም ተደምሮ ከ915 ሜትር አይለፍ። ከ220 ቮልት መስመር ጋር በአንድ ቱቦ እንዳታስገባው።

ከሐዋሳ፦ ሁለት ኤክስፓንደር አስገብቼ የአንዱ ዞኖች ብቻ ናቸው የሚታዩት።

መልስ፦ መጀመሪያ ጃምፐሮቹን፣ ማለትም ሞጁሉ ላይ ያሉትን ትንንሽ መሰኪያዎች፣ እይ። ሞጁሉ የትኞቹን ዞኖች እንደሚይዝ የሚወሰነው በጄ1፣ ጄ2 እና ጄ3 ነው። ሁለቱም አንድ ዓይነት ከሆኑ ይጋጫሉ። አንዱን ለ9–16፣ ሌላውን ለ17–24 አድርግ። ሰንጠረዡ ከሞጁሉ ጋር በሚመጣው ወረቀት ላይ አለ። ጃምፐር ስትቀይር ኃይሉን አጥፋ፣ ባትሪውንም ጭምር።

ከአዳማ፦ ኤክስፓንደሩ አልሠራ አለኝ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ምኑ ነው ያልሠራው? ኪፓዱ (ኮድ የሚገባበት ሰሌዳ) ምን ይላል? ቀይና ጥቁሩ ላይ ስንት ቮልት አለ? ለክተህ ተመለስ። እንዲህ ተብሎ ሲጠየቅ መመለስ አልችልም።

ከመርካቶ፦ ሬዚስተሩን ሰው ሁሉ የፓኔሉ ሳጥን ውስጥ ነው የሚያስረው። ምን ችግር አለው?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። ሬዚስተሩ በየዞኑ መስመር ላይ የሚታሰር 5.6 ኪሎ ኦም ነው፤ ፓኔሉ እሱን ካነበበ ዞኑ ሰላም ነው ይላል። የበር ኮንታክት አስብ። በሩ ሲዘጋ ይገናኛል፣ ሲከፈት ይለያያል። ሬዚስተሩ ሳጥን ውስጥ ከሆነ፣ ከሳጥኑ እስከ በሩ ያለውን ሽቦ አይጥ ቢልጠው፣ አናጢ ሚስማር ቢመታበት ወይም ሌባ ሆን ብሎ ሁለቱን ቢያገናኛቸው ፓኔሉ የሚያየው ያንኑ 5.6 ኪሎ ኦም ነው። ለእሱ በሩ ዝግ ነው። በሩ ወለል ብሎ ቢከፈት እንኳ ሳይረን አይጮህም። ደንበኛው ገንዘቡን ከፍሎ፣ አላርም አለኝ ብሎ ይተኛል፣ የገጠምንለት ግን ጌጥ ነው። ሬዚስተሩ ሴንሰሩ ሆድ ውስጥ ከገባ ግን ሁለቱ ሽቦዎች እርስ በርስ እንደተነካኩ ንባቡ ወደ ዜሮ ይወርዳል፣ ፓኔሉም ወዲያው ያውቃል።

በሁለት ሬዚስተር ብትሠራ ደግሞ የበለጠ ነው። አንዱን ከመስመሩ ጋር በተከታታይ፣ ሌላውን በኮንታክቱ ሁለት ጫፎች ላይ እሰር። ሲዘጋ 5.6፣ ሲከፈት 11.2 ኪሎ ኦም ይነበባል። ሽቦው ከተቆረጠ ታምፐር (ሰው ነካው)፣ ሁለቱ እርስ በርስ ከተነካኩ ፎልት (ብልሽት) ይላል። ለዚህ በፓኔሉ ፕሮግራም ክፍል 013 ውስጥ አማራጭ 1 ይጥፋ፣ አማራጭ 2 ይብራ። የሬዚስተሩ ቀለም አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ቀይ ነው። ከሌላ ፓኔል የተረፈ 1 ኪሎ ኦም እዚህ አታስገቡ።

ከቦሌ፦ እኔ አልስማማም። ሳጥን ውስጥ ሲሆን ለጥገና ይቀላል፣ ጣሪያ ላይ መውጣት የለም።

ከሳሪስ፦ ወንድሜ፣ ለአንተ ይቅለልህ ተብሎ ነው ሰውየው የሚዘረፈው? ደግሞ ሬዚስተር ስንቴ ነው የሚበላሸው?

ከቦሌ፦ ዋየርለስ ብታስገቡ ይህ ሁሉ ጭቅጭቅ ባልኖረ።

ከሳሪስ፦ የ20 ሴንሰር ባትሪ ማን ይቀይራል? ደንበኛው ኪፓዱ ሲንጫጫበት ሁሉንም ይነቅለዋል።

መልስ፦ ስለ ዋየርለስ ሌላ ቀን እናወራለን። ጣሪያ መውጣት የሰለቸው ሰው ቴስተር ይያዝ። የዞኑን ሽቦ ከተርሚናሉ ነቅሎ ቢለካ ችግሩ የት እንዳለ መሬት ቆሞ ያውቀዋል።

ከባህር ዳር፦ ኤክስፓንደሩን ከፓኔሉ 100 ሜትር ርቆ ያለ መጋዘን ውስጥ ነው የሰቀልኩት። ማታ ማታ ይጠፋና ይመለሳል።

መልስ፦ አንቺ በደንብ ጠይቀሻል፣ ርቀቱን ነግረሽኛል። 22 ቁጥር ሽቦ 100 ሜትር ሲሄድና ሲመለስ ወደ 10.6 ኦም ይሆናል። ሴንሰሮቹና ሞጁሉ በአንድ ላይ 300 ሚሊአምፔር ከሳቡ 3.2 ቮልት ገደማ መንገድ ላይ ይቀራል። ከ13.8 ተነስተሽ 10.6 ነው የሚደርሰው። መብራት ጠፍቶ ባትሪው ሲደክም ደግሞ ከዚያም ይወርዳል፣ ሞጁሉም ይጠፋል። ሴንሰሮቹን ከኪባሱ (ከአራቱ ሽቦዎች) ላይ አውርጂና መጋዘኑ ውስጥ የራሳቸው 12 ቮልት ፓወር ሳፕላይ ከነባትሪው አድርጊላቸው። የፓወር ሳፕላዩንና የፓኔሉን ኔጌቲቭ አገናኚ። ፖዘቲቮቹን በፍጹም እንዳታገናኚ።

ከጎንደር፦ ዋጋው አሁን ስንት ገባ?

መልስ፦ ዋጋ አልመልስም።

ከድሬዳዋ፦ ሽቦው ትክክል ነው፣ ለክቻለሁ። ግን ዞን 9 ሲከፈት ምንም አይልም።

መልስ፦ ፕሮግራም አልተደረገማ። ኪፓዱ ላይ ኮከብ 8 እና የኢንስታለር (የገጣሚ) ኮድ አስገባ። የዞኑ ዓይነት ክፍል 001 ውስጥ ነው፤ ለመግቢያ በር 01፣ ለመስኮት 03። ከዚያ ክፍል 203 ውስጥ ዞን 9 መብራቱን አረጋግጥ፤ ብዙ ሰው የሚረሳው ይሄንን ነው። ከ17 እስከ 24 ላሉት 002 እና 204። ኮዱ አሁንም 5555 ከሆነ ክፍል 006 ገብተህ ዛሬውኑ ቀይረው፣ ያንን ኮድ የማያውቅ ቴክኒሻን የለም።

ከጅማ፦ ሬዚስተሩ የግድ ነው እንዴ? ሽቦውን ዝም ብሎ ቢያገናኙትስ?

መልስ፦ ከላይ አንብብ። ደግሜ አልጽፈውም።

ከሐዋሳ፦ ጋሼ፣ ጃምፐሩ ነበር፣ ተስተካከለ። ግን ድሮ የነቀልኩትን ሞጁል ፓኔሉ አሁንም ይፈልገዋል።

መልስ፦ ክፍል 902 አስገባና አንድ ደቂቃ ጠብቅ፣ ያሉትን ሞጁሎች እንደገና ይመዘግባል። ምን ምን እንዳገኘ 903 ያሳይሃል። ካሳየህ በኋላ እያንዳንዱን ሴንሰር ክፈትና ገመዱ እዚያ ጋ በሚያልቅበት ሁለቱን የዞን ሽቦዎች በስክሩድራይቨር አገናኛቸው። ኪፓዱ ላይ ለውጥ ካላየህ ያ ሬዚስተር ሳጥን ውስጥ ነው ያለው፤ ደንበኛውን ከማስፈረምህ በፊት አውጥተህ ሴንሰሩ ጋ እሰረው።