በእርግዝናሽ ግፊት ነበረብሽ? ማጥባቱን አታቁሚ፣ መለካቱንም አትተዪ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አነበብኩት። በእርግዝናሽ ግፊት ነበረብሽ፤ ከወለድሽ 4 ወር ሆኖሻል። ጎረቤቶችሽ «ማጥባት ልብ ያደክማል፣ ተዪው» ብለውሽ ጨንቆሻል።

እኔም ሁለተኛ ልጄ ላይ ፕሪኢክላምፕሲያ ይዞኝ ነበር። ግፊቴ ከፍ ብሎ፣ ሽንቴ ውስጥ ፕሮቲን ተገኝቶ፣ ቀኔ ሳይደርስ በመድኃኒት አማጡኝ። ልጄን ግን እስኪጠግብ አጥብቻለሁ።

ጎረቤቶችሽ ያሉሽ ነገር ልክ አይደለም። በፈረንጆቹ 2022 ከአንድ ሚሊዮን በላይ እናቶችን ያካተቱ 8 ጥናቶች ተደምረው ሲታዩ፣ ያጠቡት በልብና በደም ሥር በሽታ የመያዝ ዕድላቸው ካላጠቡት በ11 በመቶ ገደማ ያነሰ ነበር። ማጥባት ብቻውን ከበሽታ ይከላከላል ማለት ባይሆንም ልብ ይጎዳል የሚያሰኝ ነገር የለም።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። «ልጁ ሲወጣ ግፊቱም ይወጣል» ይባላል። ለብዙዎቻችን ቁጥሩ በሳምንታት ውስጥ ይወርዳል፤ ነገሩ ግን በዚያ አያበቃም። ፕሪኢክላምፕሲያ የነበረባት ሴት ወደፊት በልብ ሕመምና በስትሮክ የመያዝ ዕድሏ ካልነበረባት እጥፍ ገደማ ነው። ስለዚህ ቢያንስ በየዓመቱ ተለኪ። እኔ ቤት ስለካ ልጁን አስተኝቼ፣ ወንበር ላይ ተደግፌ፣ እግሬን ሳላነባብር 5 ደቂቃ ዝም ብዬ እቀመጣለሁ። ክንዴን ጠረጴዛ ላይ አሳርፋለሁ። ቁጥሩን ከልጁ የክትባት ካርድ ጋር ባስቀመጥኩት ደብተር እጽፋለሁ። ስወልድ የተሰጠኝ የሆስፒታል ወረቀትም እዚያው አለ። ለሌላ ሕመም ስትሄጂ እንኳ «በእርግዝናዬ ግፊት ነበረብኝ» ብለሽ ራስሽ ንገሪያቸው፤ ብዙ ጊዜ አይጠይቁም።

አንድ ነገር ግን አደራ። በጀርባሽ ስትተኚ ትንፋሽ ካጠረሽ፣ ሌሊት ካሳለሽ ወይም እግርሽ ካበጠ «የአራስ ድካም ነው» ቢሉሽ አትስሚ። ከእርግዝናው መጨረሻ ወር ጀምሮ ከወለዱ በኋላ እስከ 5 ወር ድረስ የልብ ጡንቻ የሚደክምበት ሕመም አለ። አንቺ ገና በዚያ ጊዜ ውስጥ ነሽ። እንዲህ ያለ ነገር ካለሽ ዛሬውኑ ሆስፒታል ሂጂና የልብ አልትራሳውንድ ያስፈልገኝ እንደሆን ጠይቂ።

የግፊት መድኃኒት እየወሰድሽ ከሆነም በራስሽ አታቋርጪ። እንደ ኒፌዲፒንና ኢናላፕሪል ያሉት ለሚያጠቡ እናቶች የሚታዘዙ ናቸው። የምታጠቢ መሆንሽን ለሐኪሙ ንገሪው፤ የሚስማማሽን ይመርጥልሻል።