50 ሳይመታ 755 የደረሰው ሰው

ውድ ልጆቼ፣

ብዙዎቻችሁ የምታውቁኝ በሂሳብ ሥራዬ ነው። ዕድሜዬን የጨረስኩት አትላንታ ውስጥ የድርጅቶችን መዝገብ ስመረምርና የአገራችንን ሰዎች ግብር ስሠራ ነው። ቤዝቦልንም የወደድኩት በቁጥሩ በኩል ነው። ወደዚህ ከተማ እንደመጣሁ ጨዋታው ጭራሽ አይገባኝም ነበር። ባልደረቦቼ ጠዋት ጠዋት ጋዜጣ ዘርግተው የሚያዩት የተጫዋቾች ሠንጠረዥ ግን ቀልቤን ሳበው። ማን ስንት መታ፣ ስንቴ ሳተ፣ በየትኛው ቀን፣ በየትኛው ሜዳ፤ ሁሉም ተጽፏል። ከመቶ ዓመት በፊት የተደረገ ጨዋታ እንኳ ሂሳቡ ተዘግቶ ተቀምጧል።

ከሠንጠረዦቹ ሁሉ ደጋግሜ የማየው አንዱን ነው፤ በተጫዋችነት ዘመናቸው ብዙ ሆም ራን የመቱ ሰዎችን ዝርዝር። ስለ ሥራና ስለ ኑሮ ስትጠይቁኝ ቶሎ ትዝ የሚለኝም እሱ ነው። ስለዚህ ዛሬ ረጋ ብዬ ላስረዳችሁ። ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

ጨዋታውን ለማታውቁት፦ ወርዋሪው ኳሱን ይወረውራል፣ መቺው በዱላ ይመታዋል። ኳሱ መስመሩን ሳይስት አጥሩን ተሻግሮ ከወጣ ሆም ራን ይባላል፤ መቺውም ቤዝ የሚባሉትን የሜዳውን ጣቢያዎች ዞሮ ይገባል። ሲያወሩት ቀላል ነው። ኳሱ ግን ብዙ ጊዜ በሰዓት ከ140 ኪሎ ሜትር በላይ እየበረረ ነው የሚመጣው። መቺው ለማሰብ ያለው ጊዜ ግማሽ ሴኮንድ አይሞላም። ከ10 ሙከራ 3ቱ የተሳካለት ሰው ጎበዝ ነው።

የዝርዝሩ አናት ይኸውላችሁ። ባሪ ቦንድስ 762፣ ሃንክ አሮን 755፣ ቤብ ሩት 714፣ አልበርት ፑሆልስ 703፣ አሌክስ ሮድሪጌዝ 696፣ ዊሊ ሜይስ 660።

ቤብ ሩት ለብቻው የሚታይ ሰው ነው። ከእሱ በፊት የነበረው የዕድሜ ልክ ክብረ ወሰን 138 ብቻ ነበር። እሱ መጥቶ በ1920 በአንድ ዓመት 54 መታ። በ1927 ደግሞ 60። ጨዋታውን ራሱን ቀየረው። እንዲህ ያለ ሰው በየትኛውም ሙያ አልፎ አልፎ ይወለዳል። ስታዩት ተደነቁ፤ አርአያ ልታደርጉት ግን ያስቸግራል፣ ምክንያቱም እንዴት እንደሆነ ተከትላችሁ የምትደርሱበት መንገድ አልተወላችሁም።

አሮን ትቶልናል።

ሃንክ አሮን በ1934 ሞቢል፣ አላባማ ውስጥ ከድሃ ቤተሰብ ተወለደ። በልጅነቱ ኳስ የሚገዛበት ስላልነበረው የጠርሙስ ቆርኪ በዱላ እየመታ ነበር የሚለማመደው። ዱላውን ሲይዝ እንኳ እጆቹ ተገላቢጦሽ ነበሩ፤ ከታች መሆን ያለበት ግራ እጁ ከላይ ነበር። ያስተካከለው ደመወዝ ተቀብሎ መጫወት ከጀመረ በኋላ ነው። በ1952 በዘር ክልከላ ዘመን ለጥቁር ተጫዋቾች የተቋቋመው የጥቁሮች ሊግ ቡድን ውስጥ ገባ። በ1954 የትልቁ ሊግ ቡድን የሚልዋኪ ብሬቭስ አንድ ተጫዋች በልምምድ ወቅት ቁርጭምጭሚቱ ሲሰበር እሱ ተተካ። ከዚያ ለ23 ዓመት አልቆመም። ብሬቭስ በ1966 ወደ እኛ ከተማ፣ ወደ አትላንታ ሲዛወር እሱም አብሮ መጣ።

አሁን ቁጥሩን አብረን እንመርምር። በአንድ ዓመት 50 ሆም ራን መምታት በቤዝቦል ትልቅ ወሬ ነው። አሮን አንድም ጊዜ 50 አልመታም። ከሁሉ የበለጠው ዓመቱ 1971 ነው፤ ያኔ 47 መታ። ዕድሜውም 37 ነበር። ሊጉን በሆም ራን የመራው በአራት ዓመት ብቻ ነው፦ በ1957፣ በ1963፣ በ1966 እና በ1967።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም በሉልኝ። ከ23 ዓመት ውስጥ በ19ኙ ጋዜጣ ገልጦ ያየ ሰው በአንደኝነት የሚያገኘው የሌላ ሰው ስም ነው። በእነዚያ ዓመታት ማለቂያ ላይ ማንም «የዓመቱ ንጉሥ አሮን ነው» አላለም። እሱ ግን ከ1955 እስከ 1974 ድረስ ለ20 ተከታታይ ዓመት ከ20 ያላነሰ ሆም ራን መትቷል። አንድም ዓመት አላጎደለም። ሲደመር 755 ሆነ።

ይህን የምነግራችሁ ቢሮዬ መጥታችሁ የምትነግሩኝን ስለምሰማ ነው። «ጓደኛዬ በ25 ዓመቷ ቤት ገዛች።» «የእገሌ ልጅ ትልቅ የቴክ ኩባንያ ገባ፤ እኔ አሁንም ማታ ማታ ኡበር እየነዳሁ ኮሌጅ ነኝ።» ስልካችሁን በከፈታችሁ ቁጥር የዚያ ዓመት አንደኛ ይታያችኋል። በሚቀጥለው ዓመት ሌላ አንደኛ ይመጣል። ከሁሉም ጋር ራሳችሁን እያስተያያችሁ ትዝላላችሁ። እኔ ደግሞ መዝገብ መርማሪ ነኝና የማየው ሌላ ነው። የሃያ ዓመት ሂሳቡን ያየሁለት ሰው ብዙ ነው። አንድ ዓመት ደምቆ የጠፋ ድርጅት በርካታ አይቻለሁ። በየዓመቱ ወሬ ሳይሆን፣ ሳይቋረጥ የሠራ ሰው ደግሞ ልጆቹን አስተምሮ፣ ዕዳውን ከፍሎ፣ ሠራተኞቹን ይዞ አሁንም አለ።

አሮን ይህን ያደረገው በዝምታ ጉልበት ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሰውየው ተማሪ ነበር። ተራው እስኪደርስ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ቆቡን ፊቱ ላይ ያደርግና በቆቡ ትንሽ ቀዳዳ ወርዋሪውን ብቻ ያያል። ሌላው ሁሉ ይሸፈናል፤ የወርዋሪው እጅና ኳሱ የሚለቀቅበት ቦታ ብቻ ይቀራል። ኃይለኛ መቺዎች በብዛት ይስታሉ፤ እሱ ግን በአንድም ዓመት 100 ጊዜ ስቶ አልወጣም። ሁሌም በጣም የምወደው ቁጥር ደግሞ ይህ ነው፦ በጠቅላላ 3,771 ጊዜ በተሳካ ሁኔታ መትቷል። 755ቱን ሆም ራኖች በሙሉ ብትቀንሱበት 3,016 ይቀራል። 3,000 መድረስ በራሱ ከታላላቆቹ ተርታ የሚያስቆጥር ነው። ማለትም ያ ሁሉ ዝና ያመጣለት ነገር ቢፋቅ እንኳ የዕለት ተዕለት ሥራው ብቻውን ያቆመዋል።

እናንተም ሥራችሁን በዚህ ዓይን እዩት። ዕድገቱን፣ ሽልማቱን፣ ማዕረጉን ቀንሱና ምን እንደሚቀር ቁጠሩ። ደንበኛ ስልክ ሲደውል ታነሳላችሁ? የተላከላችሁን ወረቀት እስከ መጨረሻው ታነባላችሁ? አዲስ የገባውን ልጅ ታሳያላችሁ? ሰው ከሥራ ሲቀነስ ማን እንደሚቀር የሚወስነው ብዙ ጊዜ ይኸኛው ክፍል ነው።

አሁን ከባዱ ምዕራፍ። በ1973 ማብቂያ ላይ አሮን 713 ደርሶ ቆመ። የሩት 714 አንድ ብቻ ቀረው። የውድድር ዘመኑ ስላለቀ እስከሚቀጥለው ድረስ ወራት መጠበቅ ነበረበት። በዚያ ዓመት ወደ 930,000 ደብዳቤ ደረሰው። ብዙዎቹ የሚያበረታቱ ነበሩ። ብዙዎቹ ደግሞ ጥቁር ሰው የነጭን ክብረ ወሰን እንዴት ይነካል የሚሉ ነበሩ፤ እንገድልሃለን የሚሉም ነበሩበት። ጠባቂ ተመደበለት። ኮሌጅ ያለችው ልጁ ሳትቀር ትጠለፋለች ተብሎ ተፈራ። ሰውየው ልምምድ አላቋረጠም። ሚያዝያ 4 ቀን 1974 ሲንሲናቲ ላይ በዓመቱ የመጀመሪያ ምቱ 714 ደረሰ። ሚያዝያ 8 ምሽት አትላንታ ውስጥ፣ 53,775 ሰው ስታዲየም ተቀምጦ እያየ፣ የተጋጣሚው ቡድን የዶጀርስ ወርዋሪ የአል ዳውኒንግን ኳስ ከግራ አጥር ማዶ ላከው። 715። ዞሮ ሲገባ እናቱ አንገቱ ላይ ተጠምጥማ አቀፈችው። እሱም ከደስታው በላይ ስላለቀለት ነው እግዚአብሔርን ያመሰገነው።

ያን ታሪክ ሳነብ አሁንም ደረቴ ይጠብበኛል። እኔም ሥራ ስጀምር አነጋገሬን ሰምቶ «ሌላ ሰው ስጡኝ» ያለ ደንበኛ ገጥሞኛል። ከአሮን ጋር የሚወዳደር አይደለም፤ ግን ያማል። እናንተም ይገጥማችኋል፤ በስማችሁ፣ በቀለማችሁ፣ በአክሰንታችሁ። አሮን ያን ጥላቻ እንዳልነበረ አላስመሰለም። ደብዳቤዎቹን አልቀደዳቸውም፤ እስኪያረጅ አስቀምጧቸዋል፣ የሆነውን እንዳይረሳ። ስለ እነሱም በግልጽ ተናግሯል። እኔም የምመክራችሁ ይህንኑ ነው። የደረሰባችሁን ጻፉ፣ ቀን አስገቡበት፣ ለሚመለከተው አካል ተናገሩ። ሥራውን ግን ለእነሱ ብላችሁ አትተዉላቸው።

ስለ ባሪ ቦንድስ ሳልናገር ባልፍ ዝርዝሩን አላሟላሁም። ቦንድስ ገና በ1998 በታሪክ የመጀመሪያው 400 ሆም ራንና 400 የተሰረቀ ቤዝ (ኳሱ ሳይመታ ሮጦ የተያዘ ቤዝ) ያለው ተጫዋች ነበር። ታላቅነቱ ያኔ ተረጋግጧል። በ2001 በአንድ ዓመት 73 መታ፤ ይህ እስከ ዛሬ ክብረ ወሰን ነው። በ2007 ደግሞ አሮንን አለፈ። በመካከሉ ጉልበት የሚጨምሩ የተከለከሉ መድኃኒቶች ጉዳይ መጣ። እሱ እያወቅኩ አልወሰድኩም ብሎ መስክሯል። በ2011 ፍትሕን በማደናቀፍ ጥፋተኛ ተባለ፤ በ2015 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ያን ፍርድ ሻረው። ድምፅ የሚሰጡት ጋዜጠኞች ግን ለ10 ዓመት ወደ ታላላቅ ተጫዋቾች የክብር አዳራሽ (ሆል ኦፍ ፌም) እንዲገባ አልፈቀዱም። በ2022 በመጨረሻው ዕድሉ 66 በመቶ አገኘ፤ የሚያስፈልገው 75 ነበር። አሌክስ ሮድሪጌዝ በበኩሉ መውሰዱን በ2009 አምኗል፣ የ2014ን የውድድር ዘመንም ሙሉ በሙሉ ታግዷል።

በሰው ላይ መፍረድ አልወድም። በሙያዬ የማውቀውን ግን ልንገራችሁ። 762 መዝገቡ ላይ አለ፣ ማንም አልፋቀውም። ነገር ግን በተነሳ ቁጥር «ግን» የምትል ቃል ትከተለዋለች። እኔ እንዲህ ያለ ቁጥር በመዝገብ ውስጥ ሳይ እንቅልፍ የለኝም። ሬዚሜያችሁ ላይ ያልሠራችሁትን አትጻፉ። በእናንተ ስም ሌላ ሰው አታስፈትኑ። ከፍ ብላችሁ ከተቀመጣችሁ በኋላ እየተጠየቀ የሚኖር ነገር ይዛችሁ አትውጡ። ደግሞ አሮንን ተመልከቱት፤ ቦንድስ ባለፈው ምሽት በስታዲየሙ ትልቅ ስክሪን ላይ በቪዲዮ ቀርቦ እንኳን ደስ አለህ ብሎታል።

ዝርዝሩ ውስጥ የማይታዩ ሰዎችም አሉ። ጆሽ ጊብሰን የጥቁሮች ሊግ ታላቅ መቺ ነበር። በጥር 1947 በ35 ዓመቱ ሞተ። ጃኪ ሮቢንሰን የዘር አጥሩን ጥሶ ወደ ትልቁ ሊግ የገባው ከዚያ ሦስት ወር በኋላ ነው። ጊብሰን ሊሞክር እንኳ አልተፈቀደለትም። በ2024 የጥቁሮች ሊግ ቁጥሮች ወደ ዋናው መዝገብ ሲገቡ በምት አማካይ (ከሙከራዎቹ ምን ያህሉ እንደተሳካ በሚያሳየው ቁጥር) በ0.372 ከሁሉም በላይ ሆኖ ተገኘ። ዝርዝሩ ውስጥ ካሉትም ዓመታት የጎደሉባቸው አሉ። ዊሊ ሜይስ ወደ ሁለት ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ውትድርና ላይ ነበር፤ ቴድ ዊልያምስ ደግሞ በሁለት ጦርነቶች አምስት ዓመት ገደማ አጥቶ 521 ላይ ቆመ።

ከእናንተ መሀል በጦርነት ትምህርቱ የተቋረጠበት አለ። በስደት፣ በካምፕ፣ ወረቀት በመጠበቅ ዓመታት የሄዱበት አለ። እባካችሁ እነዚያን ዓመታት እንደ ስንፍና አትቁጠሯቸው። የሜይስን ሠንጠረዥ ስታዩ 1953 ባዶ ነው። ቤዝቦል የሚያውቅ ማንም ሰው በዚያ ዓመት ሰነፈ አይልም።

ጃፓናዊው ሳዳሃሩ ኦ ደግሞ 868 መትቷል። ከቦንድስም ይበልጣል። የአሜሪካው ዝርዝር ውስጥ ግን የለም፣ የተጫወተው ጃፓን ነውና። ከአገር ቤት ዲግሪ ይዛችሁ መጥታችሁ እዚህ «አይቆጠርም» የተባላችሁ፣ የሠራችሁት ሥራ ያልታየላችሁ ነርሶች፣ መምህራን፣ መሐንዲሶች፣ ይህ ለእናንተ ነው። የኦ 868 አሜሪካ ስላልመዘገበው አንድም አልቀነሰም። አሮን ራሱ በኅዳር 1974 ቶኪዮ ሄዶ ከኦ ጋር በሆም ራን ተወዳድሮ 10 ለ 9 አሸንፎታል። በኋላም ሁለቱ ለልጆች ቤዝቦል አብረው ሠርተዋል። ዲግሪያችሁን አስገምግሙ፣ የፈቃድ ፈተናውን ተፈተኑ፣ እስከዚያው የምታውቁትን እንደምታውቁት ሆናችሁ ሥሩ።

አንድ ነገር ልለምናችሁና ላብቃ። ደብተር ግዙ። ዓመቱ ሲያልቅ፣ በጳጉሜን ቀናት፣ አንድ ገጽ ጻፉበት። ምን ጀምሬ ጨረስኩ፣ ምን አዲስ ነገር ቻልኩ፣ ማንን ረዳሁ፣ ስንት ቆጠብኩ። የሌላ ሰው ስም በዚያ ገጽ ላይ አይግባ። አምስት ገጽ ሲሞላ ይዛችሁት ወደ እኔ ኑ። ቡና አፍልተን አብረን እንደምረዋለን።