የአዲስ አበባ ቀላል ባቡርና የሐዲዱ አጥር፦ ጠይቁ፣ ልመልስ

ሥራዬ የመንገድና የሐዲድ ምህንድስና ነው። በሐዲዱ ዳር የምትኖሩም የምትመላለሱም የሚያሳስባችሁን ጠይቁኝ።

ጥያቄ፦ ባቡሩ ከሩቅ ይታያል። ሰው አይቶ ቢሻገር ምን አለበት? አጥሩስ ለምን አስፈለገ?

መልስ፦ ባቡሩን ማየት አይከብድም፤ የሚከብደው ፍጥነቱን መገመት ነው። ፊት ለፊት የሚመጣ ባቡር ዝግ ያለ ይመስላል። እነዚህ ባቡሮች የተሠሩት በሰዓት እስከ 70 ኪሎ ሜትር እንዲሄዱ ነው፤ በዚህ ፍጥነት በአንድ ሴኮንድ 19 ሜትር ያህል ይጓዛሉ። የብረት ጎማ በብረት ሐዲድ ላይ እንደ መኪና ጎማ አይቆነጥጥም፣ ዝናብ ሲጥል ደግሞ ይብሳል። ሹፌሩ መሪ አዙሮ ሊያመልጥም አይችልም። ከሁሉ በላይ የሚያስፈራኝ ግን ሁለተኛው ሐዲድ ነው፦ አንዱ ባቡር አለፈ ብሎ የገባ ሰው፣ ከኋላው ተሸፍኖ ከነበረው ከሌላው አቅጣጫ ከሚመጣው ጋር ይገናኛል።

ጥያቄ፦ ከሲኤምሲ እስከ አያት ሰው አጥር ዘሎ ሲያልፍ አያለሁ። ስንፍና አይደለም?

መልስ፦ ስንፍና አልለውም። በዚያ በኩል ሐዲዱ ሰፊውን መንገድ መሀል ለመሀል ይከፍለዋል። ታክሲው በዚህ፣ ቤቱ በዚያ ከሆነና መሻገሪያው ከራቀ፣ ሸክም የያዘ ሰው አጭሩን መንገድ ይመርጣል። አጥሩ እዚያው ቦታ ላይ ደጋግሞ ከተቆረጠ፣ መበየድ ብቻውን አይበቃም፤ እዚያው ላይ ደህና መሻገሪያ መከፈት አለበት። መግቢያውም ቀጥ ያለ ሳይሆን በአጥር የተጠማዘዘ ይሁን፤ እግረኛው ሐዲዱ ላይ ከመውጣቱ በፊት ባቡሩ ወደሚመጣበት አቅጣጫ እንዲዞር ያስገድደዋል። ይህ ብዙ ወጪ የማይጠይቅ ሥራ ነው፤ በየቦታው ባየው እመኛለሁ።

ጥያቄ፦ በግንብ ለምን አይታጠርም?

መልስ፦ አልደግፈውም። ግንብ እይታ ይጋርዳል፤ ሹፌሩ ከአጥሩ ጥግ ብቅ የሚለውን ሕፃን አያየውም። የሚያሳይ የብረት አጥር ይሻላል።

ጥያቄ፦ መኪና ገጭቶት የፈረሰውንስ?

መልስ፦ ቀጭን ብረት እግረኛን እንጂ መኪናን አያቆምም፤ መኪና የሚበዛበት መታጠፊያ ላይ የኮንክሪት መከላከያ ያስፈልጋል። የወደቀውን ብረት ራሳችሁ አትጎትቱ፤ በአቅራቢያው ላለው ጣቢያ ወይም ለትራፊክ ፖሊስ ወዲያው ንገሩ።

ጥያቄ፦ ሽቦውስ አደጋ አለው?

መልስ፦ አዎ፣ ባቡሩ ኃይል የሚያገኘው ከላይ ካለው 750 ቮልት መስመር ነው። ፌሮ ወይም ረጅም ቧንቧ አቁማችሁ ሐዲዱን አትሻገሩ። አጥር ላይ ለሚወጡ ልጆችም ይህንን ንገሯቸው።

ጥያቄ፦ እናቴ አርጅተዋል፣ የድልድዩን ደረጃ አይችሉም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ በአጥሩ ቀዳዳ አያሳልፏቸው። ሩቅም ቢሆን መኪናና እግረኛ በሚያልፍበት መገናኛ፣ መብራት ጠብቃችሁ፣ ክንዳቸውን ይዘው ያሻግሯቸው። ደረጃ ብቻ ያለው መሻገሪያ ለእሳቸው እንደተዘጋ ስለሚቆጠር፣ ለወረዳዎም በጽሑፍ ያመልክቱ።