ኤክስፖዠር (ሰው ለጎጂ ነገር ምን ያህል እንደተጋለጠ) ልትለኩ ለምትወጡ ልጆች

ሰላም ልጆች፣ ኢንቫይሮመንታል ሄልዝ የጨረሳችሁም ማስተርስ የጀመራችሁም ስታገኙኝ የምትጠይቁኝ ስለ ማሽን ነው፣ የቱ ይሻላል የትኛው ላብ ይሰራልናል ምናምን። ማሽኑ ይገኛል። እኔን የሚያሳስበኝ ካንሰር ብዙ ጊዜ ከተጋለጡ ከ20 ከ30 አመት በኋላ ብቅ የሚል በሽታ ሆኖ ሳለ እናንተ ትላንት የተቀዳ ሽንት ይዛችሁ ስለ ሰውየው ዕድሜ ልክ ልታወሩ መነሳታችሁ ነው።

ሽንት፣ ደም፣ ጥፍር፣ አጥንት፣ ሁሉም የየራሳቸውን ጊዜ ነው የሚናገሩት። አፍላቶክሲንን እንያዝ፣ በቆሎና ለውዝ ላይ የሚወጣው ሻጋታ የሚሰራው መርዝ። ሽንት ውስጥ ኤም ዋን (የተበላው አፍላቶክሲን ሰውም ሆነ ላም ሰውነት ውስጥ ተለውጦ በሽንትና በወተት የሚወጣው) ካገኛችሁ ሰውየው ትላንትና ከትላንት ወዲያ የበላውን ነው ያወቃችሁት። ደም ውስጥ አልቡሚን ከሚባለው ፕሮቲን ጋር የተጣበቀውን ከለካችሁ ግን አልቡሚን በግማሽ ለመተካት 20 ቀን ገደማ ስለሚፈጅበት የሁለት ሶስት ወር ታሪክ ታገኛላችሁ። አርሰኒክ ሽንት ውስጥ የቀናት ነው፣ የእግር ጥፍር ውስጥ የወራት። እርሳስ (የብረቱን ማለቴ ነው) ደም ውስጥ አንድ ወር ገደማ፣ አጥንት ውስጥ ግን አስርት አመታት ይቀመጣል።

ጊዜው ምን ያህል ወሳኝ እንደሆነ በዲዲቲ፣ በተባይ ማጥፊያው ኬሚካል፣ ታየ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ብዙ ጥናቶች ሴቶቹ የጡት ካንሰር ሊይዛቸው ሲል ወይ ከያዛቸው በኋላ ደም ወስደው ለኩና አብዛኞቹ ምንም የለም አሉ። ካሊፎርኒያ ኦክላንድ ግን ከ1959 እስከ 1967 ከእርጉዝ ሴቶች የተወሰደ ደም ፍሪዘር ውስጥ ተቀምጦ ነበር፣ ተመራማሪዋ ባርባራ ኮንና ባልደረቦቿ ያንን አውጥተው ለክተው በ2007 ያሳተሙት ውጤት ሌላ ሆነ፦ ዲዲቲ በሰፊው መረጨት በጀመረበት በ1945 ዕድሜያቸው ከ14 በታች ከነበሩት ውስጥ ደማቸው ላይ ብዙ ዲዲቲ የተገኘባቸው ሴቶች 50 ሳይሞላቸው በጡት ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው 5 እጥፍ ሆኖ ተገኘ፣ በዛን ጊዜ ከፍ ያሉት ላይ ግን ግንኙነቱ አልታየም። ያው ኬሚካል ነው እኮ። እኛም ቤታችን ለወባ ተብሎ ሲረጭ ያደግን ሰዎች ስለሆንን ይሄን ጥናት ሳነብ እንደ ሩቅ ሀገር ወሬ አይደለም ያነበብኩት።

ደግሞ አንዱን ነገር ነጥላችሁ ብቻ አትለኩ። ሻንጋይ ውስጥ ከ18,000 በላይ ወንዶች ተከታትለው የተሰራ ጥናት አለ፣ ሁለቱም ከሌሉበት ሰው ጋር ሲነጻጸር አፍላቶክሲን ብቻ ያለበት ሰው በጉበት ካንሰር የመያዝ ዕድሉ 3 እጥፍ ገደማ፣ ሄፓታይተስ ቢ ብቻ ያለበት 7 እጥፍ ገደማ፣ ሁለቱም ያለበት ግን ወደ 60 እጥፍ።

ፊልድ ላይ ደሞ የኛ ሀገር የራሱ ጣጣ አለው። እናትየው ከጠዋቱ 1 እስከ 3 ሰዓት እንጀራ ስጋግር ነበር ይሏችኋል፣ የጭስ መለኪያው ግን በፈረንጅ ሰዓት ስለተሞላ ጭሱን ከ7 እስከ 9 ይመዘግበዋል፣ ዳታ የሚያስገባው ልጅ 1ን እንዳለ 1 ብሎ ከጻፈ እሳት በሌለበት ጭስ፣ ጭስ በሌለበት እሳት ታገኛላችሁ። ይሄን አይነት ዳታ በአይኔ አይቻለሁ። ቱቦ ላይም ቀን ስትጽፉ የኛ ይሁን የፈረንጅ ለዩት፣ 05/06/11 የሚል የቀዘቀዘ ደም ከአስር አመት በኋላ ማንም ሊፈታው አይችልም።

እናትየው ወገባቸው ላይ የምታስሩላቸው አየር መሳቢያ ፓምፕ ደግሞ ይከብዳል፣ ይጮሃል። ስትመለሱ ምሰሶ ላይ ሚስማር ላይ ተሰቅሎ ብታገኙት እንዳይገርማችሁ፣ እሳቸው ጎረቤት ቡና ጠጥተው እየመጡ ነው፣ ማሽኑ ምሰሶውን ሲለካ ነው የዋለው። አትቆጡ፣ መቼ እንዳወለቁት ጠይቃችሁ ጻፉ።

ከስንት አመት ጀምሮ ነው በኩበት የሚያበስሉት ብላችሁ ብትጠይቁ "ኧረ ከድሮ ጀምሮ ነው ልጄ" ነው መልሱ። ለሰርግዎ በምን ተጋገረ፣ ደርግ ሲወድቅ የት ነበሩ፣ የመጀመሪያ ልጅዎ ሲወለድ ማድቤቱ ከመኝታው ተለይቶ ነበር ወይ፣ ማገዶ ቆጣቢው ምርጥ ምድጃ ቤትዎ የገባው ከሚሊኒየሙ በፊት ነው በኋላ፣ እንዲህ ስትሉ አመቱ ራሱ ይወጣል። ለማወዳደሪያ የያዛችኋቸውን ጤነኞችም ልክ እንደዚሁ ታግሳችሁ ጠይቁ፣ ምክንያቱም ካንሰር ነው የተባለ ሰው ያለፈውን ሁሉ ሲፈትሽ ነው የሚያድረው፣ ጤነኛው ግን ቶሎ ጨርሱና ሂዱልኝ ነው የሚለው፣ ልዩነቱ ከዛ ብቻ ሊመጣ ይችላል።

ውጤት ስትናገሩም ምን እንደለካችሁ ለይታችሁ ተናገሩ። እ.ኤ.አ. በ2015 አካባቢ አዲስ አበባና ዙሪያዋ 110 የወተት ናሙና ተመርምሮ 9ኙ ብቻ ናቸው በሊትር ከ0.05 ማይክሮግራም ኤም ዋን ያልበለጡት፣ ወሬው ሲወጣ ሰው ወተት መጠጣት ፈራ። ጥናቱ ግን የለካው ወተት ነው፣ ማን በቀን ስንት ኩባያ ለስንት አመት እንደጠጣ የሚለው ሌላ ስራ ነው። በዛ ላይ መርዙ በብዛት የተገኘው ላሞቹ የሚበሉት የኑግ ፋጉሎ ላይ ነበር፣ ስለዚህ "ወተት ካንሰር ያመጣል" ብሎ ለእናቶች ከማወጅ በፊት ፋጉሎው የት እንደሚከማችና እንዴት እንደሚደርቅ ሄዶ ማየት ነበር የሚሻለው።